የሞተ ባክቴሪያን መድኃኒት ያደረጉት ሐኪም፦ ዊሊያም ኮሊ እና የልጆች የአጥንት ካንሰር

ጊዜው እአአ 1890 ነው። አንዲት የ17 ዓመት ወጣት ቀኝ እጇ አብጦ፣ ሕመሙም እንቅልፍ ነስቷት፣ ኒው ዮርክ ከተማ ከሚገኝ አንድ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዘንድ ቀረበች። በዚያው ዓመት በበጋው ወራት በባቡር አገር አቋርጣ ስትጓዝ እጇ በመቀመጫ መካከል ተቀርቅሮ ተጎድቶ ነበር። ጉዳቱ ቀላል ይመስል ስለነበር ብዙም የተጨነቀበት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሳምንታት አልፈው እብጠቱ አልጎደለም፤ ሕመሙም ከቀን ወደ ቀን እየጠና ሄደ።

ወጣቷ ቤሲ ዳሺል ትባላለች። ሐኪሙ ደግሞ ዊሊያም ብራድሊ ኮሊ ናቸው፤ ያኔ ዕድሜያቸው 28 ነበር። ችግሩ በመጀመሪያ ተራ ኢንፌክሽን መስሎ ታይቷቸው ነበር። ከእብጠቱ ተወስዶ የተመረመረው ናሙና ግን ሳርኮማ መሆኑን አሳየ፤ ማለትም ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከመሰል አካላት የሚነሳ ካንሰር። በዘመኑ ለዚህ በሽታ የነበረው ሕክምና አንድ ብቻ ነው፤ መቁረጥ። ኮሊ የወጣቷን ክንድ ከክርኗ በታች ቆረጡት። ካንሰሩ ግን ቢላው ከደረሰበት ስፍራ አልፎ ሄዶ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሰውነቷ ተሰራጭቶ እአአ ጃንዋሪ 23 ቀን 1891 ሕይወቷ አለፈ።

ይህ ሞት የሁለት ሰዎችን ሕይወት አቅጣጫ ለወጠ። አንደኛው የቤሲ የቅርብ ወዳጅ የነበሩትና የነዳጅ ባለሀብቱ ልጅ የሆኑት ጆን ዲ ሮክፌለር ጁኒየር ናቸው። ሮክፌለር በኋለኛው ዘመናቸው ለካንሰር ሕክምና እጃቸውን ከዘረጉ ባለጸጎች መካከል ሆነዋል። ሁለተኛው ራሳቸው ዶ/ር ኮሊ ናቸው። አንዲት ጤነኛ ወጣት በወራት ውስጥ ስትጠፋ ቆመው ከማየት በቀር አቅም ያጣ ሙያ ይዘው መቀጠል አልሆነላቸውም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አንድ ጥያቄ ሲያባርሩ ኖሩ። መልሱ የተገኘው እርሳቸው ካለፉ ከ60 ዓመታት በኋላ ነው።

ከጥንታውያን መጻሕፍት ወደ ቀዶ ሕክምና

ኮሊ እአአ ጃንዋሪ 12 ቀን 1862 በአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት ተወለዱ። በየል ኮሌጅ የተማሩት ሕክምና ሳይሆን የግሪክና የላቲን ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ነበር። በ1884 ከተመረቁ በኋላ በምዕራባዊቷ የኦሬገን ግዛት ለሁለት ዓመታት በመምህርነት አገለገሉ። ወደ ሕክምና ያዘነበሉት ከዚያ በኋላ ነው። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1888 ተመረቁና በኒው ዮርክ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናን ተለማመዱ።

ዘመኑ ለቀዶ ሕክምና ወርቃማ ነበር ማለት ይቻላል። ማደንዘዣ ተገኝቷል፤ ቁስልን ከጀርም የመጠበቅ ዘዴም ተለምዷል። ሐኪሞች ቀድሞ ሊነኩት የማይደፍሩትን የሰውነት ክፍል መክፈት ጀምረው ነበር። ተስፋው ትልቅ ስለነበር ካንሰርም በጊዜ ከተቆረጠ ይድናል የሚለው እምነት ሥር ሰድዶ ነበር። የቤሲ ሞት ለወጣቱ ሐኪም ያሳየው የዚህን እምነት ወሰን ነው። ቢላው የቱንም ያህል ቢሳል፣ ደም ውስጥ የገባን የካንሰር ሕዋስ አሳድዶ ሊይዝ አይችልም።

በመዝገብ ውስጥ የተገኘው ሰው

ኮሊ መልስ ፍለጋ የሄዱት ወደ ላቦራቶሪ ሳይሆን ወደ መዝገብ ቤት ነበር። በኒው ዮርክ ሆስፒታል የታከሙ የሳርኮማ ሕሙማንን የቆዩ ፋይሎች አንድ በአንድ ማገላበጥ ያዙ። አብዛኞቹ የሚያበቁት በሞት ነው። አንዱ ግን ከሌሎቹ ተለየባቸው።

ሰውየው ጀርመናዊ ስደተኛ ነበር። አንገቱ ላይ የወጣው ዕጢ በተደጋጋሚ ቢቆረጥም እየተመለሰ ያድግ ስለነበር ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠውበት ነበር። በ1884 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኤሪሲፔላስ የተባለ ቆዳን የሚያቀላና ከፍተኛ ትኩሳት የሚያስከትል ኢንፌክሽን ያዘው። ይህ ኢንፌክሽን በዚያ ዘመን የሆስፒታሎች መቅሰፍት ነበር። በሽተኛው ግን በትኩሳቱ እየተቃጠለ ሳለ ዕጢው እየሟሸሸ ሄዶ ጠፋ። ከሆስፒታሉም ድኖ ወጣ። መዝገቡ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ኮሊ ወረቀቱን ብቻ አምነው አልተቀመጡም። ስደተኞች ተፋፍገው ወደሚኖሩበት የታችኛው ማንሃተን ሰፈር ወርደው ቤት ለቤት ሲጠይቁ ቆይተው ሰውየውን በአካል አገኙት። ሰባት ዓመታት አልፈዋል። አንገቱ ላይ ጠባሳ እንጂ ካንሰር የለም።

ይህን ክስተት ያስተዋሉት ኮሊ የመጀመሪያው አልነበሩም። በጀርመን ዊልሄልም ቡሽ የተባሉ ሐኪም በ1868 አንዲትን የካንሰር በሽተኛ ሆን ብለው ለኤሪሲፔላስ አጋልጠው ዕጢው ሲቀንስ አይተው ነበር። ፍሪድሪክ ፌላይዘን ደግሞ በ1880ዎቹ የበሽታው መንስኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ መሆኑን ለይተዋል። ኮሊን ከእነርሱ የሚለያቸው ነገሩን እንደ አስገራሚ ገጠመኝ ትተው አለማለፋቸው ነው። እርሳቸው ከገጠመኙ ሕክምና ለማውጣት ቆርጠው ተነሱ።

እሳትን በእሳት

እአአ በሜይ 1891 ኮሊ የመጀመሪያ ሙከራቸውን ጀመሩ። በሽተኛው በጉሮሮውና በአንገቱ ላይ ባለ ሳርኮማ ምክንያት መብላትም መናገርም የከበደው ጣሊያናዊ ስደተኛ ነበር። ቀሪ ዕድሜው በሳምንታት የሚቆጠር ይመስል ነበር። ኮሊ በሕይወት ያለ ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ በተደጋጋሚ ወጉት። ለወራት የተጠበቀው ኢንፌክሽን አልመጣም። በመከር ወራት ግን ከጀርመን የመጣ ብርቱ የባክቴሪያ ዘር ተጠቀሙ። በሽተኛው በትኩሳት ተንቀጥቅጦ ከሞት አፋፍ ደረሰ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአንገቱ ዕጢ ፈራርሶ ጠፋ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመታት ያህል ኖሯል።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በዘመኑ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አልነበረም፤ ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው። ሐኪም በገዛ እጁ የለኮሰውን ኢንፌክሽን የሚያጠፋበት መንገድ አልነበረውም ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን መካከል ሁለቱ በካንሰሩ ሳይሆን በሕክምናው ምክንያት ሞቱ። በሌሎች ላይ ደግሞ የቱንም ያህል ቢሞከር ኢንፌክሽኑ አልያዘም።

ኮሊ ሞቱን ደብቀው አላለፉም፤ በ1893 ባሳተሙት የአሥር ሕሙማን ዘገባ ውስጥ ያልተሳካውንም ጽፈዋል። ቀጥሎ ያመጡት መፍትሔ የሥራቸው ሁሉ እምብርት ሆነ። ሕያው ባክቴሪያውን ትተው በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ መጠቀም ጀመሩ። ስትሬፕቶኮከሱን ዛሬ ሴራሺያ ማርሴሰንስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር ቀላቀሉት። የሞተ ባክቴሪያ አይራባም፤ ስለዚህ በሽታ ሆኖ አይስፋፋም። ትኩሳቱን ግን ያስነሳል። ይህ ድብልቅ ከዚያ በኋላ የኮሊ መርዝ በመባል ታወቀ።

አዲሱን ድብልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው የ16 ዓመት ልጅ ነበር። በሆዱ ላይ የተንሰራፋ ትልቅ ዕጢ ስለነበረው ቀዶ ሕክምና የማይታሰብ ነበር። ከጃንዋሪ 1893 ጀምሮ ለአራት ወራት ያህል መርፌውን ወሰደ። መጠኑ በጥቂቱ ይጀመርና በሽተኛው በትኩሳት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በወራት ውስጥ ዕጢው እየሟሸሸ ጠፋ። ልጁ አድጎ ለጉልምስና በቃ፤ ከ26 ዓመታት በኋላ የሞተውም በልብ ሕመም ነው።

ዝናና ጥርጣሬ

ኮሊ በኒው ዮርክ የካንሰር ሆስፒታል፣ በኋላም ሜሞሪያል ተብሎ በተሰየመው ተቋም ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ሠሩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕሙማንን በዚህ ዘዴ አክመዋል። ብዙዎቹ ሊቆረጥ የማይችል ሳርኮማ የነበረባቸው ሲሆኑ ሕፃናትና ወጣቶችም ይገኙባቸዋል። ፓርክ ዴቪስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ከ1899 ጀምሮ ድብልቁን እያመረተ ለሐኪሞች ማከፋፈል ያዘ።

ተቃውሞውም ከጅምሩ የበረታ ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ገና በ1894 ሕክምናውን ነቅፏል። ሌሎች ሐኪሞች በራሳቸው ሕሙማን ላይ ሞክረው ኮሊ ያዩትን ውጤት አላገኙም። የተቺዎቹ ክርክር መሠረት አልባ አልነበረም። ድብልቁ አንድ ወጥ አልነበረም፤ በየጊዜው የተለያየ አዘገጃጀት ነበረው፤ ኃይሉም ይለያይ ነበር። መርፌው የት እንደሚወጋ፣ ለስንት ሳምንት እንደሚሰጥ ቁርጥ ያለ ሥርዓት አልተበጀለትም። አንዳንድ ሕሙማን በትክክል ካንሰር እንደነበረባቸው የሚያረጋግጥ የማይክሮስኮፕ ምርመራ አልተደረገላቸውም። ከሕክምናው በኋላ የት እንደደረሱ ያልታወቁም ነበሩ። መድኃኒቱን ካልወሰዱ ሕሙማን ጋር የሚያነጻጽር ጥናትም አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ኮሊን የጎዳቸው ለምን የሚለውን ጥያቄ መመለስ አለመቻላቸው ነው። እርሳቸው ካንሰር ራሱ በጥቃቅን ተሕዋስያን የሚመጣ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ለአጥንት ካንሰር ትክክል አልነበረም። ትክክለኛ ትዝብት በተሳሳተ ማብራሪያ ተጠቅልሎ ሲቀርብ፣ ማብራሪያው ሲወድቅ ትዝብቱም አብሮ ይወድቃል። የኮሊ ዕጣ ይኸው ሆነ።

ጄምስ ዩዊንግ እና የጨረሩ ዘመን

ኤክስሬይ በ1895፣ ራዲየም ደግሞ በ1898 ሲገኙ የካንሰር ሕክምና ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ጨረር ሊለካ ይችላል፤ ዕጢው ሲቀንስ በዓይን ይታያል፤ ከየትኛውም ሆስፒታል ተመሳሳይ ውጤት ይጠበቅበታል። ኮሊ ራሳቸው ኤክስሬይን ቀድመው ከሞከሩ ሐኪሞች መካከል ነበሩ። የጨረሩ ጥቅም ባረፈበት ስፍራ የተወሰነ እንደሆነ፣ ወደ ሌላ አካል የተሰራጨን ካንሰር ግን እንደማያገኝ ደምድመው ነበር።

በዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ታላቅ ሰው ተነሡ። ፓቶሎጂስቱ ጄምስ ዩዊንግ በዘመናቸው በካንሰር ጉዳይ ከአሜሪካ ቀዳሚ ባለሥልጣን ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ራዲየም ለሆስፒታሉ ከለገሱት የማዕድን ባለሀብት ጄምስ ዳግላስ ጋር በመሆን ሜሞሪያልን የጨረር ሕክምና ማዕከል አደረጉት። ለኮሊ መርዝ ያላቸው ጥርጣሬ ጥልቅ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ በሐሳብ ግን ርቀው ለዓመታት ኖረዋል።

የዩዊንግ ስም ዛሬም በልጆች ካንሰር ክፍሎች በየቀኑ ይጠራል። በ1921 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ክንድ አጥንት ላይ የወጣን ዕጢ መርምረው፣ ከተለመደው የአጥንት ካንሰር የተለየና ለጨረር በቀላሉ የሚሸነፍ መሆኑን ገለጹ። በሽታው ዩዊንግ ሳርኮማ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ታሪክ የሁለቱን ባላንጣዎች ስም በአንድ ዓይነት ሕሙማን ላይ አገናኝቶታል። አንደኛው ዕጢውን በስሙ አስጠራ፤ ሌላኛው ዕጢውን የሚዋጋው ኃይል ከሰውነት ውስጥ ሊነሣ እንደሚችል አመለከተ።

ኮሊ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ በሜሞሪያል የአጥንት ዕጢ ክፍልን መሩ። ልጃቸው ብራድሊ ኮሊም የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆነው ያንኑ ሥራ ተረክበዋል። ዊሊያም ኮሊ እአአ ኤፕሪል 16 ቀን 1936 በ74 ዓመታቸው አረፉ። በኋላ ኬሞቴራፒ ሲመጣ ድብልቁ ከሐኪሞች እጅ እየወጣ ሄደ። ፓርክ ዴቪስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማምረቱን አቆመ። በ1965 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር የኮሊን መርዝ ጥቅማቸው ካልተረጋገጠ ሕክምናዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ ከአሥር ዓመት በኋላም አወጣው።

የአባቷን ሣጥኖች የከፈተችው ልጅ

ታሪኩ እዚያ ላይ ያላበቃው በሴት ልጃቸው ምክንያት ነው። ሄለን ኮሊ ናውትስ የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም። የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ አስበው የተዋቸውን ወረቀቶች ሲያገላብጡ ከብዙ ደብዳቤዎችና የሕሙማን መዝገቦች ጋር ተገናኙ። አባታቸው በመዝገብ ቤት የጀመሩትን ሥራ ልጃቸው በመዝገብ ቀጠሉት። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሕሙማንን ታሪክ አሰባስበው የዳነውን፣ ያልዳነውን፣ መድኃኒቱ በምን መጠንና ለስንት ጊዜ እንደተሰጠ ለይተው አሳተሙ።

ብዙ ታዋቂ ሐኪሞች በራቸውን ዘግተውባቸዋል። በ1953 ግን ከኔልሰን ሮክፌለር ባገኙት የ2 ሺህ ዶላር ድጋፍ፣ ከኦሊቨር ግሬስ ጋር ሆነው የካንሰር ምርምር ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ገንዘቡን የሰጡት ከ60 ዓመታት በፊት ቤሲን ያጡት የጆን ዲ ሮክፌለር ጁኒየር ልጅ መሆናቸው ልብ ይሏል። ኢንስቲትዩቱ ሰውነት በገዛ መከላከያው ካንሰርን የሚዋጋበትን መንገድ ለሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ዋና ደጋፊ ሆነ። በኋላ የኢንስቲትዩቱን ሳይንሳዊ ሥራ የመሩት ሎይድ ኦልድና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1975 በባክቴሪያ ቅሪት የተነሣሣ ሰውነት የሚያመነጨውንና ዕጢን የሚያፈርሰውን ንጥረ ነገር አገኙ፤ ቲኤንኤፍ በመባል ይታወቃል። ሄለን በ2001 አርፈዋል።

ኮሊ ሳያዩት ያለፉት በር ጠባቂ

ኮሊ የሞተ ባክቴሪያ ሲወጉ በሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነበር? መልሱ የመጣው በ1990ዎቹ ነው፤ የመጣውም ካልተጠበቀ አቅጣጫ፣ ከዝንብ ጥናት ነበር።

በ1996 በፈረንሳይ የዡል ሆፍማን ቡድን፣ ቶል የተባለ ተቀባይ የጎደላት ጥቃቅን የፍራፍሬ ዝንብ የፈንገስ ኢንፌክሽንን መቋቋም እንደማትችል አሳየ። በዓመቱ በአሜሪካ ሩስላን መድዢቶቭና ቻርልስ ጄንዌይ በሰው ሕዋስ ላይ ያለውን አቻውን አቀረቡ። በ1998 ብሩስ ቦይትለር፣ ቲኤልአር 4 የተባለው ተቀባይ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን የውጭ ሽፋን ንጥረ ነገር ለይቶ እንደሚያውቅ ደረሱበት። ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከራልፍ ስታይንማን ጋር ተካፈሉ።

እነዚህ ተቀባዮች የሰውነት በር ጠባቂዎች ናቸው ማለት ይቻላል። የእያንዳንዱን ጠላት ፊት አያጠኑም። ባክቴሪያዎች ሁሉ ሊጥሉት የማይችሉትን፣ በሰው ሕዋስ ላይ ግን የማይገኘውን ምልክት ብቻ ነው የሚያውቁት። አንዳንዶቹ በሕዋሱ ቆዳ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሌሎቹ ከሕዋሱ ውስጥ ሆነው የባክቴሪያን ዘረ መል ወይም የግድግዳውን ስብርባሪ ያነፈንፋሉ። ምልክቱን ባገኙ ጊዜ የሕዋሱን ውስጣዊ የመልእክት ሰንሰለት ያስነሳሉ። ትኩሳት የሚቀሰቅሱና ሌሎች ተዋጊ ሕዋሳትን የሚጠሩ ንጥረ ነገሮችም ወዲያው ይመነጫሉ።

የኮሊ ድብልቅ እነዚህን በሮች በአንድ ጊዜ ያንኳኳ ነበር። የሴራሺያ ባክቴሪያ ሽፋን ቲኤልአር 4ን ይቀሰቅሳል። የስትሬፕቶኮከስ ክፍሎች ቲኤልአር 2ን ያነቃሉ። የባክቴሪያ ዘረ መል ቲኤልአር 9ን፣ የግድግዳው ስብርባሪ ደግሞ ኖድ 2 የተባለውን ተቀባይ ያገኛል። ኮሊ በቴርሞሜትር የሚከታተሉት ትኩሳት የእነዚህ ተቀባዮች ጩኸት ነበር።

ለካንሰር ይህ ለምን ይጠቅማል? የካንሰር ሕዋስ ባዕድ አይደለም፤ ከገዛ ሰውነት የበቀለ ነው። ስለዚህ በር ጠባቂዎቹ በቀላሉ አይነቁበትም። በዕጢው ዙሪያ ማክሮፋጅ የተባሉ ዋጭ ሕዋሳት በብዛት ቢገኙም፣ ብዙውን ጊዜ ተዘናግተው አንዳንዴም ዕጢውን እያገለገሉ ይኖራሉ። የባክቴሪያው ምልክት ሲደርሳቸው ግን ከእንቅልፋቸው ነቅተው የዕጢውን ሕዋስ ማጥቃት ይጀምራሉ፤ ሌሎቹንም የሰውነት ወታደሮች ያሠለጥናሉ። ያም ሆኖ ነገሩ ሁለት ስለት ያለው ሰይፍ ነው። በአንዳንድ ካንሰሮች ዘንድ ያው ተቀባይ ለረጅም ጊዜ ሲቀሰቀስ ዕጢውን የሚመግብ ብግነት ይፈጥራል። የኮሊ ሕሙማን አንዳንዶቹ ድነው ሌሎቹ ያልዳኑበት ምክንያት አንዱ ገጽታ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከመርዝ ወደ መድኃኒት

ኦስቲዮሳርኮማ በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው የአጥንት ካንሰር ነው። አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት የጉርምስና ዕድሜ ይበረታል፤ ከሁሉም በላይ በጉልበት አካባቢ ይወጣል። የሚገድለው ብዙ ጊዜ ወደ ሳንባ በመዛመት ነው። ከ1970ዎቹ በፊት እግራቸው ተቆርጦ እንኳ ከአምስቱ አራቱ ያህል ይሞቱ ነበር። ኬሞቴራፒ ሲጨመር፣ በሽታው ሳይዛመት ከተደረሰባቸው ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት መዳን ጀመሩ።

የኮሊ ሐሳብ በዘመናዊ መልክ የተመለሰው በዚሁ በሽታ ላይ ነው። ሚፋሙርታይድ የተባለው መድኃኒት የባክቴሪያ ግድግዳ ስብርባሪን አስመስሎ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው። በጥቃቅን የስብ እንክብሎች ተጠቅልሎ በደም ሥር ይሰጥና፣ በተለይ በሳንባ የሚገኙ ማክሮፋጆችን በኖድ 2 ተቀባይ በኩል ያነቃል። በመጀመሪያ የአጥንት ካንሰር በያዛቸው ውሾች ላይ ተሞክሮ ዕድሜያቸውን አራዝሟል። ቀጥሎ በአሜሪካ ካንሰሩ ያልተዛመተባቸው 662 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደረገ። ኬሞቴራፒ ብቻ ከወሰዱት ከስድስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት 70 በመቶ ሲሆኑ፣ ሚፋሙርታይድ ከተጨመረላቸው ደግሞ 78 በመቶ ነበሩ።

ይሁንና የኮሊን ዘመን የመሰለ ክርክር እንደገና ተነሣ። የጥናቱ አሠራር ለአንዳንድ ባለሙያዎች አሳማኝ አልሆነም። የአውሮፓ ኅብረት መድኃኒቱን በ2009 ሲፈቅድ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን አልፈቀደም። በሌላ በኩል ለአዋቂዎች ካንሰር ትልቅ ለውጥ ያመጡት አዳዲስ የበሽታ መከላከያ ሕክምናዎች በልጆች የአጥንት ካንሰር ላይ እስካሁን ያሳዩት ውጤት ውስን ነው። የሕክምናው መሠረት ዛሬም ኬሞቴራፒና ቀዶ ሕክምና ነው።

ለቀጣናችን ቤተሰቦች

የኮሊ መንገድ በምሥራቅ አፍሪካ ለሚኖር ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ክንዱ ላይ የሚወጋው የቲቢ ክትባት ቢሲጂ፣ የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ነው። ያው ባክቴሪያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለሽንት ፊኛ ካንሰር መድኃኒት ሆኖ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ፊኛው ውስጥ ሲገባ የሚቀሰቅሰው እነዚያኑ በር ጠባቂዎች ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድ ግን አደገኛ ነው። ቁስል እንዲመግል መተው ወይም በባክቴሪያ ራስን መበከል ካንሰርን አያድንም፤ ይገድላል። ኮሊ ሕያው ባክቴሪያን የተዉት ይህንኑ በሁለት ሕሙማን ሞት ስላዩ ነው። በእርሳቸው ስም በድብቅ የሚሸጥ መርፌም ኬሞቴራፒን አይተካም።

ትክክለኛው ትምህርት ከቤሲ ዳሺል እጅ የሚገኘው ነው። እርሷም ዘንድ በሽታው የመጣው ተራ ጉዳት መስሎ ነበር። በአገራችንም በኳስ ሜዳ ወድቆ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወለምታ ወይም ስብራት ከሆነ ይሻለው ይሆናል። እብጠቱ ካንሰር ከሆነ ግን በመታሸቱ የሚያልፉት ሳምንታት ዳግም አይገኙም። ለሳምንታት የማይለቅ፣ በሌሊት የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም፣ በተለይ ከጉልበት ወይም ከትከሻ አጠገብ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ በቀላል ምክንያት የሚሰበር አጥንት፤ እነዚህ ሁሉ በራጅ መታየት ያለባቸው ምልክቶች ናቸው። ካንሰሩ ሳንባ ሳይደርስ የተገኘበት ልጅ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜም እግሩን ሳያጣ ሊታከም ይችላል።

ጆን ዲ ሮክፌለር ጁኒየር በ1930ዎቹ ለሜሞሪያል ሆስፒታል አዲስ ሕንፃ የሚሠራበትን መሬት በማንሃተን ለገሱ። ሕንፃው የተከፈተው በ1939፣ ኮሊ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ዛሬም እዚያው ስፍራ ላይ ይገኛል፤ የአጥንት ካንሰር የያዛቸው ልጆችም በዚያ ይታከማሉ። ኮሊ ይዘውት የኖሩት ጥያቄም ገና አልተዘጋም፤ በር ጠባቂዎቹን በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው መጠን፣ ለትክክለኛው ልጅ የማንቃቱ ሥራ አሁንም በምርምር ላይ ነው።